የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ገጽ ላይ እንደ ምን ተሣለ

ቁም ጸሐፊ በብራና ላይ በሚጽፍበት ጊዜ መቃውን ቀርጾ፣ ከቀለሙ እየጠቀሰ፣ ፊደሉን ሁሉ እንደ መልኩ ይሥላል እንጂ የተሠራ ቅርጽ ከሣጥን እያወጣ አይደረድርም። በ1981 አይ ቢ ኤም ባወጣው የግል ኮምፒዩተር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበረ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የጽሑፉ ገጽ 25 መሥመር፣ እያንዳንዱም መሥመር 80 ቤት ነበረው፤ በየቤቱም በፋብሪካ ተቀርጸው ከተቀመጡት 256 ምልክቶች አንዱ ብቻ ይገባበታል። ከእነዚህም እኩሌታው በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በትእዛዝ የተያዘ ነው። የአማርኛው 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ ብቻውን 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ 20ው አኃዝና ነጥቦቹ ሲጨመሩበት ከሣጥኑ ይተርፋል። ስለዚህ ፊደሉ ከደጅ ቀረ።

በሩን የከፈተው የዜሮክስ ኩባንያ በካሊፎርንያ፣ በፓሎ አልቶ ያቋቋመው የምርምር ቤት ነው። በ1973 በዚያ የተሠራው አልቶ የተባለው ኮምፒዩተር ለፊደል የተከፈለ ቤት የለውም፤ ገጹ በሙሉ ለየብቻቸው በሚበሩና በሚጠፉ ጥቃቅን ነጥቦች የተመላ ነው፤ ስለዚህም ፊደልና ሥዕል ለእርሱ አንድ ናቸው። ዳግላስ ኤንግልባርት በ1968 ለሕዝብ ያሳየው ማውስም ከእርሱ ጋር ተያያዘ። አልቶ ለገበያ አልቀረበም፤ ተከታዩ ስታር በ1981 ቢቀርብም ዋጋው ከ16,000 ዶላር በላይ ስለ ነበረ ገዢው ጥቂት ሆነ። አፕል ኩባንያ በ1983 ሊሳን በ9,995 ዶላር፣ በ1984 ማኪንቶሽን በ2,495 ዶላር አወጣ። ማይክሮሶፍትም ዊንዶውስን በ1985 ጀመረ፤ ነገር ግን በዓለም የተስፋፋው በ1990 ከወጣው ከሦስተኛው በኋላ ነው። ዜሮክስ ዘራ፣ አፕል አጨደ፣ ማይክሮሶፍት ጎተራውን ሞላ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ፊደል ሥዕል ከሆነ ዘንድ ግዕዝን የሚከለክለው አልነበረም። በአገር ውስጥም በውጭም ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ፊደሉን እየሣሉ አስገቡት፤ ፓወር ግዕዝና ቪዡዋል ግዕዝ በየጽሕፈት ቤቱ የታወቁ ሆኑ። ዳሩ ግን ሁሉም በየራሱ ሥርዐት ፊደሉን በላቲኑ ቁጥር ላይ ስላስቀመጠው ሌላ ችግር ተወለደ። ከሞላሌ የተጻፈ ደብዳቤ ደብረ ብርሃን ደርሶ፣ ያው የፊደል ዓይነት በሌለበት ኮምፒዩተር ቢከፈት፣ የላቲን ፊደልና የማይነበብ ምልክት ብቻ ይታይ ነበር። ሰሙ ግዕዝ፣ ወርቁ ላቲን ነበረና። ይህን ያህል ዓመት የተጻፈው የቃለ ጉባኤና የመዝገብ ብዛት ዛሬም መቀየሪያ ካልተገኘለት ተዘግቶ የሚቀር ነው፤ ከእሳትና ከምስጥ ያመለጠ ጽሑፍ በዚህ መንገድ መጥፋቱ ያሳዝናል።

መድኃኒቱም የተነሣው ከዚያው ከዜሮክስ ቤት ነው። ጆ ቤከር በ1988 ለዓለም ፊደላት ሁሉ የማይሻር አንድ አንድ ቁጥር የሚሰጠውን የዩኒኮድን ረቂቅ ጻፈ። በ1999 በወጣው በሦስተኛው ዩኒኮድ ለግዕዝ 345 ምልክቶች ተመደቡለት። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፊደልና የአማርኛ መጻፊያውን ይዞ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ በዊንዶውስ ግዕዝ ከውጭ የሚጫን እንግዳ መሆኑ ቀረ።

ለሊቃውንት ግን የሚበልጠው የ2005ቱ ጭማሪ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሯቸው የሚነገርላቸው የዜማ ምልክቶች፣ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ያን ጊዜ ቁጥራቸውን አገኙ። ሆኖም የተመዘገቡት በመሥመሩ ውስጥ ከፊደል ቀጥሎ እንደሚቆም ምልክት ነው፤ በድጓው ግን ምልክቱ ከፊደሉ ራስ በላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የድጓ ገጽ በኮምፒዩተር የሚያዘጋጅ ሰው ፊደሉን አንድ ጊዜ ጽፎ፣ ምልክቶቹን ደግሞ በሌላ ብልሃት አንድ በአንድ ወደ ላይ ያወጣቸዋል።