የባልደርስ ጌትን ዕድሜ የቀጠሉ እጆች

ባልደርስ ጌት 2 የተጫነበትን ፎልደር የከፈተ ሰው «ኦቨርራይድ» የሚል ስም ያለው ሌላ ፎልደር ያገኛል። ጌሙ አንድ ነገር ሲፈልግ፣ የሰይፍ ጉልበትም ይሁን የጠንቋይ ንግግር፣ መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ነው። እዚያ ካጣ ታሽገው ወደተቀመጡት ዋና ፋይሎች ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ተጫዋች በዚያ ፎልደር ውስጥ ስሙ አንድ የሆነ ፋይል ካስቀመጠ ጌሙ የኩባንያውን ትቶ የተጫዋቹን ይቀበላል። ከሃያ ዓመት በላይ የዘለቀው የባልደርስ ጌት ሞድ ታሪክ የተነሣው ከዚህች አሠራር ነው።

ሞድ ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው በነጻ የሚያከፋፍሉት ተጨማሪ ወይም ማስተካከያ ነው። አዲስ ተልእኮ፣ አዲስ የጉዞ ጓድ፣ የስሕተት ማረሚያ ወይም ጠላትን ብልህ የሚያደርግ ስክሪፕት ሊሆን ይችላል። ሞድ ያለው ጌም ብዙ ነው። የባልደርስ ጌት ሰዎች ትልቁ ሥራ ግን እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሞድ ሠሪዎች ያዘጋጁት ነገር በአንድ ጌም ውስጥ ሳይጣላ አብሮ እንዲኖር የሚያደርግ ሥርዓት ማበጀታቸው ነው።

ጌሙን የሠራው ባዮዌር በ1995 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካናዳዋ ኤድመንተን ከተማ ሲቋቋም፣ ከመሥራቾቹ መካከል ሬይ ሙዚካ፣ ግሬግ ዜስቹክና ኦገስቲን ዪፕ የሕክምና ዶክተሮች ነበሩ። የመጀመሪያው ባልደርስ ጌት በኢንተርፕሌይ አሳታሚነት በዲሴምበር 1998 በአምስት ሲዲ ወጣ። ሕጉ በወረቀትና በዳይስ ከሚጫወቱት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ሁለተኛ እትም የተወሰደ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ የግድያ አምላክ የነበረው የባል ልጅ መሆኑን ቀስ በቀስ የሚያውቅ ወጣት ሲሆን፣ በየመንገዱ ከሚያገኛቸው ሰዎች መካከል መርጦ እስከ ስድስት የሚደርስ ቡድን ይመሠርታል። ሁለተኛው ክፍል በሴፕቴምበር 2000፣ የታሪኩ መዝጊያ የሆነው «ትሮን ኦቭ ባል» በጁን 2001 ተከተሉ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ፊቱን ወደ ሌሎች ሥራዎች አዞረ።

ተጫዋቾቹ ግን ገና አልጠገቡም ነበር፤ ቅሬታም ነበራቸው። አንዳንድ አስማቶች መግለጫቸው እንደሚለው አይሠሩም፤ አንዳንድ ተልእኮዎች ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ባልደርዳሽ በሚል ስም የታወቀው የማስተካከያ ስብስብ የተወለደው ከዚህ ነው። ሌላው ቅሬታ የፍቅር ነገር ነበር። በሁለተኛው ክፍል ወንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ለሚጫወት ሰው ጃሂራ፣ ኤሪና ቪኮኒያ የተባሉ ሦስት ሴቶች የፍቅር ታሪክ ተጽፎላቸዋል። ሴት ገጸ ባሕርይ ይዞ ለሚጫወት ያለው አኖመን የተባለ አንድ ባላባት ብቻ ነው፤ እሱም ኩራቱና ብስጭቱ ብዙዎችን የሚያርቅ ሰው ነው። ከቀደሙት ታዋቂ ሞዶች አንዱ ሶላውፌን የተባለውን፣ በዋናው ጌም ውስጥ በምድር ሥር ከተማ ለአጭር ጊዜ ብቅ ብሎ የሚጠፋውን የድራው (የጨለማ ኤልፍ) ወገን ተዋጊ፣ የጉዞ ጓድና አፍቃሪ አድርጎ ማምጣቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

በመዝጊያው ጦርነት ቅር ከተሰኙት መካከል የባዮዌር ደራሲ የነበረው ዴቪድ ጌይደር ራሱ ይገኝበታል። ጌይደር በትርፍ ሰዓቱ «አሴንሽን» የተባለ ሞድ ሠርቶ ለተጫዋቾች ሰጠ። በዚህ ሞድ ቀደም ሲል የተሸነፉት የባል ልጆች በመጨረሻው ፍልሚያ ተመልሰው ይነሣሉ። በዋናው ጌም መገደሉ የማይቀረውን መነኩሴ ባልታዛርን ደግሞ በንግግር አሳምኖ ከጎን ማሰለፍ ይቻላል። የጌሙ ደራሲ ከተጫዋቾች ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ ሞድ ሲሠራ መታየቱ ለሌሎቹ ትልቅ ድፍረት ነበር።

በ2002 ባዮዌር ያወጣው ኔቨርዊንተር ናይትስ ለተጫዋቾች የታሪክ መሥሪያ መሣሪያ አብሮት መጥቷል። ለባልደርስ ጌት እንዲህ ያለ ስጦታ አልነበረም። የፋይሎቹን አሠራር የሚያስረዳ መመሪያ ስላልተሰጣቸው አድናቂዎቹ ፋይሎቹን ባይት በባይት እየፈተሹ የትኛው ቁጥር ለምን እንደሆነ ለዩ፣ ያገኙትን መዝግበው ለሁሉም አካፈሉ። ኒር ኢንፊኒቲን የመሰሉ የፋይል ማያና ማረሚያ ፕሮግራሞችም በዚሁ ልፋት ተሠሩ።

ዋናው መሰናክል ያለው አንድ ፋይል ላይ ነበር። በጌሙ ውስጥ የሚነበብ ጽሑፍ በሙሉ፣ ከንጉሥ ንግግር እስከ መድኃኒት ጠርሙስ ስም፣ «ዳያሎግ» በተባለ አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ በተራ ቁጥር ተደርድሯል። ጃሂራ ስትናገር በእሷ ፋይል ውስጥ ያለው ቃሉ ሳይሆን የቃሉ ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሞዶች ይህን ፋይል እንዳለ ቀይረው፣ የራሳቸውን ዐረፍተ ነገሮች መጨረሻው ላይ ጨምረው ያከፋፍሉት ነበር። አንድ ሞድ ብቻ ለሚጭን ሰው ችግር የለውም። ሁለተኛውን ሲጨምር ግን የሁለተኛው ዳያሎግ ፋይል የመጀመሪያውን ይውጠዋል፤ ቁጥሮቹም ይምታታሉ፤ የአንዱ ሞድ ገጸ ባሕርይ የሌላውን ቃል ይናገራል። ሁለት ሰዎች ለጃሂራ አንድ አንድ መስመር ቢጽፉላት እንኳ የኋለኛው የፊተኛውን ያጠፋዋል። ተጫዋቹ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ነበረበት።

መፍትሔው በ2002 ብቅ ያለው ዋይዱ የተባለ ፕሮግራም ነው። የጻፈው ዌስ ዋይመር በዚያን ጊዜ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረ ሲሆን፣ ሶላውፌንን የጉዞ ጓድ ያደረገውን ሞድ የሠራውም እሱ ነው። ሐሳቡ ቀላልና ብርቱ ነው። በዋይዱ የሚሠራ ሞድ ያለቀለት ፋይል ይዞ አይመጣም፤ ትእዛዝ ይዞ ይመጣል። «የጃሂራን ንግግር ፈልግ፣ መጨረሻው ላይ ይህን መስመር ጨምር» ይላል። ትእዛዙ የሚፈጸመው በተጫዋቹ ኮምፒውተር ላይ፣ በዚያ ሰዓት ባለው ፋይል ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ሞድ ለጃሂራ አሥር መስመር ጨምሮላት ከሆነ አሥሩም ይቆያሉ፤ አዲሱ አሥራ አንደኛ ይሆናል። አዲሶቹ ዐረፍተ ነገሮችም የዳያሎግ ፋይሉ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ካቆመበት ቁጥር ቀጥለው ይገባሉ። ሞድ ሠሪው የኩባንያውን ፋይል ማከፋፈሉም ቀረ፤ የሚያከፋፍለው የራሱን ሥራ ብቻ ሆነ።

ዋይዱ የተጻፈው ኦካምል በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ምንጩ ክፍት ስለሆነ ዋይመር ወደ ሌላ ሥራ ከተሻገረ በኋላ ሌሎች ተረክበው ቀጥለውበታል። ዋይመር ራሱ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ በሶፍትዌር ውስጥ ያለን ስሕተት ኮምፒውተር ራሱ እንዲጠግን በሚያስችል ምርምር ስሙን አስጠርቷል።

አጫጫኑ ዛሬም ያው የጥንቱ ነው። ሞዱ በጌሙ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ስሙ «ሴትአፕ» ብሎ የሚጀምር ፋይል ይከፈታል፤ ጥቁር መስኮት ይመጣል። ያ ፋይል ሌላ ነገር አይደለም፤ ስሙ የተለወጠ ዋይዱ ራሱ ነው። መጀመሪያ በየትኛው ቋንቋ እንደሚጭን ይጠይቃል፤ ቀጥሎ የሞዱን ክፍሎች አንድ በአንድ እያነሣ ይጫን ወይስ ይለፍ ይላል። ተጫዋቹ በአንድ ፊደል ይመልሳል። የተጫነው እያንዳንዱ ክፍል ከነተራው በመዝገብ ፋይል ላይ ይሰፍራል። አንድ ጌም ሲበላሽ የሚረዳው ሰው መጀመሪያ አምጣ የሚለው ይህንኑ መዝገብ ነው።

ከዚህ የተከተለው የተራ ሥርዓት በሞድ ሠሪዎቹ ዘንድ እንደ ባህል የጸና ነው። ስሕተት ማረሚያዎች ይቀድማሉ። ከዚያ አዳዲስ ተልእኮዎችና የጉዞ ጓዶች፣ ከዚያ የጦር ዕቃዎችና አስማቶች፣ ወደ መጨረሻው የጠላትን የውጊያ ስልት የሚለውጡት ይገባሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ግድግዳው ሳይመረግ ቀለም አይቀባም። የጠላትን ብልሃት የሚለውጥ ሞድ ሲጫን የሚያየው በዚያ ሰዓት ያሉትን ጠላቶች ነው፤ ከእሱ በኋላ የመጡት እንደ ጥንቱ ደነዝ ሆነው ይቀራሉ። መሐል ላይ ያለ አንድ ሞድ ይነሣ ከተባለ ደግሞ ዋይዱ ከላይ ያሉትን ሁሉ በተራ ያነሣል፤ የተፈለገውን ካወጣ በኋላ የቀሩትን መልሶ ይጭናል።

ልምድ ያለው ተጫዋች ሁለት ነገር አይዘነጋም። ምንም ያልተነካ የጌሙን ቅጂ ለብቻው ያስቀምጣል፤ ሞድ ከጨመረም በኋላ ታሪኩን ከመጀመሪያው ይጀምራል። የተቀመጠ ጨዋታ አንድ ጊዜ የተረገጠን ቦታ እንደነበረ ይዞ ስለሚቆይ ሞዱ በዚያ ቦታ ላይ ያደረገው ለውጥ አይታይም። በጀግናው የጉዞ ማስታወሻ ውስጥ የሚቀመጠውም የዐረፍተ ነገሩ ቁጥር ብቻ ነው። ከስር ያሉት ሞዶች ተራቸው ከተለወጠ ትናንት «ልጄን አድንልኝ» የሚል ተልእኮ የተመዘገበበት ገጽ ዛሬ የአንድ ነጋዴን ሰላምታ ሊያሳይ ይችላል።

ሥርዓቱ ከተበጀ በኋላ ሥራው ሰፋ። የመጀመሪያው ክፍል የጉዞ ጓዶች 25 ቢሆኑም ብዙ አያወሩም፤ «ኤንፒሲ ፕሮጀክት» የተባለው ሞድ ንግግር፣ ጠብና ፍቅር ጻፈላቸው። «አንፊኒሽድ ቢዝነስ» ኩባንያው ጀምሮ የተዋቸውን ታሪኮች ከፋይሎቹ ውስጥ እየፈለገ ጨረሰ፤ ሚንስክ የተባለው የጉዞ ጓድ ሃምስተር የሆነው ቡ የሚታፈንበት ተልእኮ አንዱ ነው። «ሶርድ ኮስት ስትራታጀምስ» ጠንቋዮች ውጊያ ሳይጀመር መከላከያ አስማታቸውን እንዲያዘጋጁ፣ ጠላቶችም እርዳታ እንዲጣሩ አደረገ፤ ጠንቋዮቹ ምን ያህል ተዘጋጅተው ይጠብቁ የሚለውን ግን ለተጫዋቹ ተወ። ቱቱና «ባልደርስ ጌት ትሪሎጂ» የተባሉት ደግሞ የ1998ቱን ጌም በሁለተኛው ክፍል ሞተር ላይ አስነሡት። ትሪሎጂው ሁለቱንም ክፍሎችና መዝጊያውን ከዳር እስከ ዳር የሚኬድ አንድ ታሪክ አደረጋቸው።

ከዚህ ሁሉ ጋር አብሮ አንድ ፈተና መጥቷል። ያገኙትን ሁሉ በአንድ ጊዜ የመጫን ፍላጎት ብዙዎችን ይዟል፤ ይህን የሚያመቻቹ ግዙፍ የጭነት ዝርዝሮችም ተዘጋጅተዋል። ውጤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድካም ነው። የአንዱ ደራሲ ቁም ነገረኛ ታሪክ ከሌላው ፌዝ ጋር በአንድ መንገድ ላይ ይገጣጠማል፤ በየማእዘኑ ኃይለኛ ሰይፍ ስለሚገኝ ውጊያ ትርጉም ያጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጫወት ሰው ማረሚያው ይበቃዋል። ለሁለተኛ ጊዜ ለሚመለስ አንድ የጉዞ ጓድ፣ አሴንሽንና የጠላትን ብልሃት የሚያሻሽለው ሞድ የጌሙን ጣዕም ሳያጠፉ አዲስ ያደርጉለታል።

በ2012 መጨረሻ ከባዮዌር መሥራቾች አንዱ የነበረው ትሬንት ኦስተር ያቋቋመው ቢምዶግ የመጀመሪያውን ክፍል አድሶ አወጣ፤ ሁለተኛው በ2013 ተከተለ። ኩባንያው ከሞድ ሠሪዎቹ መካከል ሰዎች ቀጥሯል፤ ለዓመታት በነጻ ሲሠራ የኖረ እውቀት በዚህ መንገድ ወደ ይፋዊው እትም ገባ። እድሳቱ አዲስ ጣጣም አመጣ። ጌሙ በራሱ ሲታደስ የተጫኑ ሞዶች ይበላሻሉ። በ2016 የወጣው «ሲጅ ኦቭ ድራጎንስፒር» የተባለው የመጀመሪያው ክፍል ጭማሪ ደግሞ በአንዳንድ ቅጂዎች ፋይሎቹ ታሽገው ስለሚመጡ ሞድ ከመጫኑ በፊት የሚፈታቸው መሣሪያ ያስፈልጋል።

ከእድሳቱ ለአማርኛ አንባቢ በቀጥታ የሚመለከተው አንድ ነገር አለ። የጥንቱ ጌም ለአንድ ፊደል የሚሰጠው አንድ ባይት ስለነበር ቦታው ከ256 አያልፍም። የእኛ ገበታ 33 በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ሆሄያት ይሆናል፤ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ከቦታው ይተርፋል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በሦስተኛው እትም ነው፤ የታደሱት ባልደርስ ጌቶችም ጽሑፋቸውን የሚያስቀምጡት በዩኒኮድ ነው። ፊደሉን የያዘ ፎንት ከተጨመረ አማርኛ የሚገባበት መንገድ አለ ማለት ነው።

በዋይዱ የተሠሩ ብዙ ሞዶች ንግግራቸውን ከኮዱ ለይተው በተራ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣሉ፤ ቁጥር፣ ከዚያ ዐረፍተ ነገር፣ እንደገና ቁጥር። ተርጓሚው ፕሮግራም መጻፍ አይጠበቅበትም፤ የቋንቋውን ስምና የፎልደሩን አድራሻ በሞዱ መጫኛ ላይ ማስገባት ይበቃል። ሙሉ ጌሙን መተርጎም የብዙ ሰው የዓመታት ሥራ ነው። የአንድ ትንሽ ሞድ ንግግር ግን አማርኛው የተባ አንድ ወጣት ሊጨርሰው የሚችል ነው፤ ጌም የሚወዱና ኮድ የሚያውቁ ልጆቻችን በዚያ ይጀምሩ።