«መስመሩ ተይዟል»፦ ከስልክ ማዞሪያ እስከ ፓኬት

አንድ ወጣት መምህር በቅርቡ፣ «የስልክ ማዞሪያው ምዕራፍ ከኔትወርክ ኮርሱ ቢወጣስ? ዛሬ እኮ ሁሉም ነገር ፓኬት ነው» አለኝ። ያኔ ቶሎ መልስ አልሰጠሁትም። ይኸው እናንተ ባላችሁበት ልመልስለት።

የእኛ ዘመን ሰው «መስመሩ ተይዟል» መባልን አይረሳም። በሰርኪዩት ስዊቺንግ ለሁለት ተነጋጋሪዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መንገድ ይያዝላቸዋል። ቢያወሩም ዝም ቢሉም መንገዱ የእነሱ ነው፤ ትርፍ መንገድ ከሌለ ሌላው ደዋይ ይመለሳል። አሜሪካዊው ቀብር አስፈጻሚ አልሞን ስትሮውጀር በ1891 እ.ኤ.አ. ለአውቶማቲክ ማዞሪያ ፓተንት ሲያገኝ፣ የኦፕሬተሯን እጅ ማሽን ተካው እንጂ ሐሳቡ ያው ነበር።

ሐሳቡ የተለወጠው በ1960ዎቹ ነው። በአሜሪካ፣ በራንድ ኮርፖሬሽን ይሠራ የነበረው ፖል ባራን ያሳሰበው፣ የኑክሌር ጥቃት ጥቂት ማዞሪያዎችን ቢመታ አገሩ ሁሉ ዝም እንዳይል ነው። በእንግሊዝ ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ የነበረውን ዶናልድ ዴቪስን ያሳሰበው ግን ብክነት ነው። ኮምፒውተር ትንሽ ይልክና ረጅም ጊዜ ዝም ይላል፤ ለዝምታው መስመር መያዝ ኪሳራ ነው። ሁለቱ ሳይተዋወቁ አንድ መልስ ላይ ደረሱ፦ መልእክቱን ቆራርጦ፣ በየቁራጩ ላይ አድራሻ ጽፎ መላክ። ቁራጮቹ ባገኙት መንገድ ይሄዱና መድረሻቸው ላይ ይገጣጠማሉ። «ፓኬት» የሚለውን ስም ያወጣው ዴቪስ ነው።

የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ የባራንን ሐሳብ አልተቀበለም። መሐንዲሶቹ ሞኞች አልነበሩም፤ የተካኑበት ሥራ ድምፅን ሳይቆራረጥ ማድረስ ነበርና። ኦክቶበር 29 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም «ሎግኢን» የሚል ቃል በአርፓኔት ሊላክ ሲሞከር፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ብቻ ደርሰው ሲስተሙ ቆመ። የሚገርመው፣ እነዚያ ፓኬቶች የተጓዙት ከስልክ ኩባንያ በተከራዩት መስመር ነው።

እኛም ይህንኑ በቤታችን አይተናል። ኢንተርኔት በ1997 እ.ኤ.አ. አገራችን ገብቶ በዳያል አፕ ስንጠቀም፣ ሞደሙ እየጮኸ ስልኩን ይይዘዋል፤ ከቤት ማንም መደወል አይችልም። ፓኬቱ በሰርኪዩቱ ጀርባ ታዝሎ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ነገሩ ተገላብጧል፤ ድምፃችን ራሱ ፓኬት ሆኖ ይጓዛል። እንግዳው የቤቱ ባለቤት ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ምዕራፉ ይውጣ? እኔ አይውጣ ባይ ነኝ። ሰርኪዩት በር ላይ ሊመልስህ ይችላል፤ ካስገባህ ግን ቃሉን ይጠብቃል። ፓኬት ሁሉን ያስገባል፤ ለማንም ግን ቃል አይገባም። ሰው ሲበዛ ሁሉም ይንቀራፈፋል፣ መንገድ ላይ የሚቀርም ቁራጭ አለ። ለዚህ መገናኛችን ከአዲስ አበባና ከዋሽንግተን ሆነን በኢንተርኔት ስንማከር፣ ስንት ጊዜ «ሃሎ፣ ይሰማል?» እንዳልን ታስታውሱ የለ? ለርካሹና ለሰፊው መንገድ የከፈልነው ዋጋ ያ ነው።

ያሸነፈውን ብቻ የተማረ ልጅ ምን እንደተከፈለበት አያውቅም። ነገ የሆስፒታል ወይም የኤሌክትሪክ ኃይል መቆጣጠሪያ ኔትወርክ ንደፍ ሲባል፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የትኛው መልእክት መዘግየት እንደሌለበት ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ምዕራፉን አሳጥረው እንጂ አታውጣው።