የመንገድ ዳር ዛፍና የባለይዞታ ኃላፊነት (በእንግሊዝ ሕግ)

ከግል ይዞታ ወደ ሕዝብ መንገድ የተዘረጋ ቅርንጫፍ ወድቆ ጉዳት ሲያደርስ፣ ባለይዞታው የሚጠየቀው አደጋውን ካወቀ ወይም ማወቅ ይገባው ከነበረ ነው። መሠረቱን የጣለው እ.ኤ.አ. በ1926 የታየው የኖብልና የሃሪሰን ክርክር ነው። ከመንገዱ በላይ 30 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ የተንሰራፋ የቢች ዛፍ ቅርንጫፍ፣ አየሩ መልካም በነበረበት ቀን ድንገት ተገንጥሎ በሚያልፍ ተሽከርካሪ ላይ ወደቀ። የስብራቱ መንስኤ በጥንቃቄ ቢመረመርም የማይገኝ ድብቅ ጉድለት ስለነበር ባለይዞታው በይግባኝ ነጻ ወጣ። ፍርዱ ለተጎጂ መራራ ቢሆንም ተገቢ ነው፤ ማንም ሊያየው ያልቻለውን ጉድለት አላየህም ተብሎ ሊጠየቅ አይገባምና። መድረቁ ለማንም ተራ ሰው የሚታይን ዛፍ ዝም ብሎ የተወ ግን ያለ ጥርጥር ተጠያቂ ነው። በ1980 የወጣው የአውራ ጎዳናዎች ሕግም የአካባቢው ባለሥልጣን የሞተ ወይም የታመመ ዛፍ በ14 ቀናት ውስጥ እንዲቆረጥ ባለቤቱን ማዘዝ እንዲችል ፈቅዷል።