ድንኳን በሊታው ሻጋታ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በደቡብ ፓሲፊክ ደሴቶች የሠፈረው የአሜሪካ ጦር ከጥይት ሌላ ባላጋራ ነበረበት። የጥጥ ድንኳኑ፣ የደንብ ልብሱና መታጠቂያው በእርጥበቱ እየሻገተ ይበጣጠስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 በቡገንቪል ደሴት ከበሰበሰ ድንኳን የተገኘው ሻጋታ «ኪው ኤም 6ኤ» ተብሎ በጦሩ የስንቅና ትጥቅ ቤተ ሙከራ ተቀመጠ። ወገኑ በአፈር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ትራይኮደርማ ነው።

የጦሩ ፍላጎት ልብሱን ከብስባሴ ማዳን ነበር። ዶክተር ኤልዊን ሪስና ባልደረቦቻቸው ግን ሻጋታው ጥጥን እንዴት እንደሚበላ ጠየቁ፤ ታሪኩን የለወጠው ይህ ጥያቄ ነው። ሻጋታው ሴሉሌዝ የተባሉ ኤንዛይሞችን ከአካሉ ውጭ ያመነጫል፤ እነርሱም ጠንካራውን ሴሉሎስ ቆራርጠው ወደ ስኳር ይለውጡታል።

ለፋብሪካ ሥራ ሲታሰብ ግን እንቅፋት ነበረው። ሻጋታው ግሉኮስ ሲትረፈረፍለት ኤንዛይም ማምረቱን ይተዋል፤ ሆዱ ሲሞላ ሥራ የሚፈታ ሎሌ እንደ ማለት ነው። ብላንድ ሞንተንኮርትና ዳግላስ ኤቨሌይ በረትገርስ ዩኒቨርሲቲ የሻጋታውን ዘር በአልትራቫዮሌት ጨረርና በኬሚካል እየለወጡ፣ ከብዙው ጥቂቱን እየመረጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 «ረት ሲ-30»ን ይፋ አደረጉ። ይህ ዘር በግሉኮስ ያን ያህል አይገታም፤ ምርቱም ከቀድሞው እጅግ የላቀ ነው። ድካሙ ሁሉ ያረፈው ግን በዚያው ከድንኳኑ በተገኘው አንድ ዘር ላይ ነበር።

ሻጋታው እ.ኤ.አ. በ1977 ለሪስ መታሰቢያ ትራይኮደርማ ሪሴይ ተባለ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህም ሴሉሌዝ የጂንስ ልብስን ያረጀ ለማስመሰል ከፑሚስ ድንጋይ ጋር፣ አንዳንዴም በእርሱ ፈንታ፣ ያገለግላል፤ በጦርነቱ ጊዜ ይከላከሉት የነበረውን የጥጥ መበላት ዛሬ ፋብሪካዎች ገንዘብ ከፍለው ይገዙታል።