ተስማምታችሁ ልትፋቱ ነው? ያለ ጠበቃ እንዲህ ትጨርሱታላችሁ

"ሽማግሌ ፊት ተፈራርመን ተለያይተናል" የሚሉ ብዙ ናቸው። ወረቀቱ ብቻውን ግን ፍቺ አይደለም፤ ፍቺን የሚያጸድቀው ፍርድ ቤት ነው። ሳይጸድቅ ሌላ ማግባት በወንጀል ያስጠይቃል፤ በመሃል የገዛችሁት ንብረትም "የጋራ ነው" ተብሎ ሊያከራክራችሁ ይችላል።

ደስ የሚለው፣ ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። ከታች ያለው በ1992 ዓ.ም በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213) መሠረት አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራበት ነው። ክልል ያላችሁ የክልላችሁን የቤተሰብ ሕግ እዛው ፍርድ ቤት ጠይቁ።

1. ጊዜውን እዩ፦ ከተጋባችሁ ቢያንስ 6 ወር ሊሞላ ይገባል።

2. ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉ፦ "ተስማምተናል" ብቻ አይበቃም። ልጆች ከማን ጋር ይኖራሉ? ሌላኛው ወላጅ መቼ መቼ ያያቸዋል? ቀለብ በወር ስንት ብር? ቤቱ፣ የባንኩ ብር፣ ዕዳውስ? ከጋብቻ በፊት የነበረ ወይም በውርስና በስጦታ የተገኘ ንብረት በመሠረቱ የግል ነው። በትዳር ውስጥ የተገኘው ግን በአንዳችሁ ስም ቢሆንም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ለምን እንደምትፋቱ የመናገር ግዴታ የለባችሁም።

3. ፋይል አስከፍቱ፦ ሁለታችሁም የፈረማችሁበትን አቤቱታና ስምምነት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ መታወቂያና የልጆች የልደት ሰርተፍኬት ይዛችሁ ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሂዱ። የመዝገብ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

4. ዳኛ ፊት ቅረቡ፦ አንድ ላይም ለየብቻም ያነጋግሯችኋል። "አስቡበት" ብለው እስከ 3 ወር ሊሰጧችሁ ይችላሉ። አትደንግጡ፣ ሕጉ ነው። በነፃ ፈቃዳችሁ መሆኑን ካመኑ ያጸድቁታል። ስምምነቱ ልጆችን ወይም አንዳችሁን የሚጎዳ ከሆነ ግን ፍቺውን ብቻ አጽድቀው ሌላውን ሊያስተካክሉት ይችላሉ።

5. አስመዝግቡ፦ የውሳኔውን ግልባጭ ይዛችሁ በ30 ቀን ውስጥ ወረዳ ወሳኝ ኩነት ጽ/ቤት ሂዱ።

ልብ በሉ! "ብቻ ይለቅልኝ" ብላችሁ የማታምኑበት ነገር ላይ አትፈርሙ። ዱላ ወይም ማስፈራሪያ ካለ፣ የተደበቀ ንብረት አለ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ይሄ መንገድ ለእናንተ አይሆንም። መጀመሪያ የሕግ ምክር አግኙ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ሽማግሌ ፊት ፈርሞ "ጨርሻለሁ" ብሎ የተቀመጠ ጓደኛ ካላችሁ ይሄን ላኩለት።