የጣና ሰፈሮችና የታንኳ ሠሪው እጅ

የአገራችን ነገሥታት መናገሻ ለረጅም ዘመን ድንኳን ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ በቀድሞው አገባቡ የሠራዊት ሰፈር ማለት ስለ ነበር፣ ከተማ የሚቆረቆር ብቻ ሳይሆን የሚነቀልም ነገር ነበር። በየብስ የሰፈረ ሠራዊት የአካባቢው እንጨትና ሣር ሲያልቅ፣ የገበሬውም ጎተራ ሲራቆት ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። የዚህ ዓይነቱ ሰፈር ታሪክ በየዜና መዋዕሉ ተደጋግሞ ተጽፏል። ብዙ ያልተባለለት ሌላ ሰፈር ግን አለ። ይኸውም በእግርም ሆነ በበቅሎ የማይደረስበት፣ በታንኳ ብቻ የሚገባበትና የሚወጣበት የጣና ደሴቶች ሰፈር ነው።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። በውስጡ ከ30 በላይ ደሴቶች ይገኛሉ። ደቅ፣ ዳጋ፣ ክብራን፣ እንጦስ፣ ሬማ፣ ጣና ቂርቆስና ምጽራሃ በታሪክ ስማቸው የሚነሣ ናቸው። በእነዚህ ደሴቶች ላይ መነኮሳት ገዳም መሥርተዋል፤ ነገሥታት ግዞተኛ አኑረዋል፤ በጦርነት ዘመን የሸሸ ሕዝብ ተጠልሏል። ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር ያሻገራቸው ታንኳ ነው። ስለዚህ የጣናን ታሪክ ስንመረምር «በደሴቱ ማን ሰፈረ?» ብለን ከመጠየቅ አልፈን «ያሻገረው ማን ነው?» ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳርቻ ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም በነዶ በነዶ ተጠቅልሎ በልጥ ይታሰራል። ነዶዎቹ ጎን ለጎን ተያይዘው ጫፋቸው ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ መካከሉም በተጨማሪ ደንገል ይደለደላል። ምስማር የለውም፤ ሳንቃም የለውም። ቀዛፊው በረጅም ዘንግ ይገፋዋል፤ ይቀዝፈዋልም። ደንገሉ ውኃ እየመጠጠ ስለሚከብድ፣ ጉዞው ሲያበቃ ታንኳው ወደ ደረቅ ተስቦ እንዲንጠፈጠፍ ይደረጋል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከወራት በኋላ በአዲስ መተካት አለበት። ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። በደሴት የሚኖር ሰው፣ መነኩሴም ሆነ መስፍን፣ ታንኳን አንድ ጊዜ አሠርቶ የሚገላገለው ንብረት አልነበረም። የደሴቱ ኑሮ ዘወትር በሠሪው እጅ ላይ የተመሠረተ ነበር።

የጣና ደሴቶች የመጻሕፍትና የንዋያተ ቅድሳት ማኅደር መሆናቸው የታወቀ ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት አገሪቱን ባናወጠው ጦርነት በየብስ የነበሩ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ ውኃው ለደሴቶቹ አጥር ሆኖላቸዋል። በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ተጠብቆ ይገኛል። የዘድንግል ዕጣ በተለይ ያስገርማል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1589 ዓ.ም. ገደማ ካረፉ በኋላ መኳንንቱ ሕፃኑን ያዕቆብን ሲያነግሡ፣ ለአቅመ መንግሥት ደርሶ የነበረውን ዘድንግልን ወደ ደቅ ደሴት አግዘውት ነበር። በኋላ ነግሦ በ1597 ዓ.ም. በጦርነት ወደቀ፤ ዐፅሙም ውሎ አድሮ ወደዚያው ሐይቅ ተመለሰ። በሕይወቱ በግዞት የተሻገረውን ውኃ ከሞተ በኋላ በክብር ተሻገረው ማለት ነው።

በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ሐይቁ ሁለት ተቃራኒ ወገኖችን በአንድነት አስፍሯል። በሰሜኑ ዳርቻ በጎርጎራ ዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥታቸውን አቁመው ነበር፤ የኢየሱሳውያኑ መምህር ፔድሮ ፓኤዝም በ1614 ዓ.ም. ያረፈው በዚያው አካባቢ ነው። ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው በሕዝቡ ላይ ለመጫን ሲነሡ ከተቃወሟቸው መካከል ከመሳፍንት ወገን የነበረችው ወለተ ጴጥሮስ ትገኛለች። ባሏን ትታ መንኵሳ፣ ተከታዮቿን በጣና ዙሪያ በየስፍራው አሰፈረች። ወረርሽኝ ሲነሣ ወይም አሳዳጅ ሲመጣ ሰፈሩ ይፈታል፤ ሕዝቡም ወደ ሌላ ዳርቻ ወይም ደሴት ይሻገራል። በ1665 ዓ.ም. ገደማ በግዕዝ የተጻፈው ገድሏ የቅድስና መጽሐፍ ቢሆንም፣ በሐይቅ ዳር ስለነበረው የማኅበር ኑሮ የሚሰጠው ዕውቀት ለታሪክ ተመራማሪ ከፍ ያለ ዋጋ አለው። በ1635 ዓ.ም. ስታርፍ የተቀበረችው በሬማ ደሴት ነው። ቤተ መንግሥት የነበራቸው ንጉሥ የጫኑት ሃይማኖት ከእሳቸው ጋር አለፈ፤ ቤተ መንግሥት ያልነበራት መነኩሲት የሰበሰበችው ማኅበር ግን ከእሷ በኋላም ቆየ።

የጣናን የሰፈር ታሪክ በሌላ መልክ የሚያሳየን ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. በዘጌ ያቆሙት ሰፈር ነው። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምና ጓደኞቹ በዚያ ዓመት በየካቲት ወር ሐይቁን በታንኳ ተሻግረው በምሥራቁ ዳርቻ በቆራጣ እንዲቀመጡ ተደረገ። ንጉሡ ደግሞ በማዶ፣ በደን በተሸፈነችው በዘጌ ሰፈሩ። ሁለቱን ሰፈሮች ያገናኝ የነበረው የደንገል ታንኳ ነው፤ ደብዳቤውም፣ መልእክተኛውም፣ እንግዳውም የሚመላለሰው በእሱ ነበር። በሚያዝያ መልእክተኞቹ በዘጌ ተያዙ። ያ እስራት ከሁለት ዓመት በኋላ በመቅደላ የተፈጸመውን አስከተለ።

ከታሰሩት አንዱ የነበረው ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ልብ የሚነካ ነገር መዝግቧል። ቴዎድሮስ ስለ አውሮፓ የእንፋሎት መርከብ የሰሙትን በልባቸው ይዘው፣ ከደንገል ታላላቅ ታንኳዎች አሠርተው፣ የእንጨት ወለል አስነጥፈው፣ በጎንና በጎናቸው በእጅ የሚዞር መንኰራኵር አስገጥመው በጣና ላይ ሞከሯቸው። የውጭ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ጨዋታ ቆጥረውት ይሆናል። እኛ ግን በጋፋት መድፍ ካስቀለጠው ምኞት ለይተን ልናየው አንችልም። ልዩነቱ በጋፋት የውጭ አገር ሠራተኞች እጅ መኖሩ፣ በዘጌ ግን አዲሱ አሳብ በጥንታዊው የአገር ደንገል ላይ መመሥረቱ ነው። ይሁን እንጂ የዘመኑን ሌላ ገጽም መሸፈን አይገባም። በዚያው ንጉሥ የመጨረሻ ዓመታት ሕዝብ ንብረቱን ይዞ የተጠለለባት ምጽራሃ ተዘርፋ ተቃጥላለች። ውኃ አጥር የሚሆነው ታንኳው በተጠላዩ እጅ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ታንኳውን በመሥራት ከሁሉ ይልቅ የታወቁት በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ቀድሞ ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለ ነበር ጎረቤቶቻቸው እንደ ርኩስ ቆጥረው አብረዋቸው አይበሉም፣ አይጋቡምም ነበር። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። እዚህ ላይ የኅብረተሰባችን ታላቅ ቅራኔ ይታያል። እጃቸው ከገበታ የተከለከለ ሰዎች የሠሩት ታንኳ ታቦት ተሸክሟል፤ ብራና አሻግሯል፤ የንጉሥ ዐፅም ወደ ዕረፍቱ አድርሷል። የሥራው ፍሬ ቅዱስ ሲባል ሠራተኛው ርኩስ ተባለ። ዜና መዋዕሉም የተሻገረውን እንጂ ያሻገረውን በስም አልጻፈም።

ዛሬ በሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባ ይመላለሳል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ገብቷል። በሌላ በኩል ደንገል የበቀለበት ረግረግ ለእርሻ እየተመነጠረ ቀንሷል፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህም እምቦጭ አረም በሐይቁ ላይ ተስፋፍቷል። ደንገል ሲጠፋ ታንኳው ይጠፋል፤ ታንኳው ሲጠፋም የአሠራሩ ዕውቀትና የሙያው ቃላት አብረው ይጠፋሉ። ገዳማቱ በግንብና በብራና ስለቆሙ መዝጋቢ አላጡም። ታንኳው ግን በየዓመቱ የሚበሰብስ ቅርስ ስለ ሆነ፣ የሚኖረው ሠሪው ለልጁ እስካስተማረ ድረስ ነው።

ስለዚህ በሐይቁ ዙሪያ የሚያስተምሩ መምህራን የታንኳ ሠሪዎቹን ቃል ከራሳቸው አንደበት ቢመዘግቡ፣ የባህል ሠራተኞች ሙያውን ከአስተሳሰሩ እስከ አቀዛዘፉ በፊልም ቢያስቀሩ፣ ሠዓሊዎቻችንም ደሴቶቹን በሚሥሉበት ሸራ ላይ ቀዛፊውን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ባለታሪክ ቢያቆሙት፣ የተጓደለው ታሪክ ይሞላል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ደንገሉ እንዲበቅልና የሠሪው ልጅ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር በአንድ ገበታ እንዲቀመጥ ማድረግ ያሻል።