«ያዕቆባዊው ዘመን» የማን ዘመን ነበር?

«ኪንግ ጄምስ» የሚባለውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብዙዎቻችን በስሙ እናውቀዋለን። ጄምስ በእኛ አጠራር ያዕቆብ ነው፤ የያዕቆብ መልእክትም በእንግሊዝኛ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። በላቲን ያኮቡስ ይባላል። የታሪክ ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1625 ያለውን የእንግሊዝ ዘመን «ጃኮቢያን»፣ ማለትም ያዕቆባዊ፣ ያሉት ከዚህ ተነሥተው ነው።

ይህ አቈጣጠር የለንደን ሰዎች ነው። ጄምስ በስኮትላንድ የነገሠው በ1567፣ ገና የአንድ ዓመት ሕፃን ሳለ ነበር። ንግሥት ኤልሳቤጥ ልጅ ሳትተካ ስትሞት የእንግሊዝን ዘውድ ደረበ። ለኤዲንብራ ሰው ግን ንጉሡ ያን ጊዜ 36ኛ የንግሥና ዓመቱን ይዞ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱሱም ቢሆን በንጉሡ ስም ይጠራ እንጂ ሐሳቡን ያቀረበው እርሱ አይደለም። በጥር 1604 በሃምፕተን ኮርት ጉባኤ አዲስ ትርጉም እንዲዘጋጅ የጠየቀው ጆን ሬኖልድስ የተባለ ፒዩሪታን ነው። ንጉሡ ፈጥኖ ተስማማ፤ ምክንያቱም የጄኔቫውን መጽሐፍ ቅዱስ የኅዳግ ማስታወሻዎች አይወድም ነበር። በተለይ በዘጸአት ምዕራፍ 1 አዋላጆቹ ፈርዖንን አለመታዘዛቸው ትክክል ነው የሚለው ማስታወሻ አስቈጥቶታል። (ፈርዖን ምን እንዳዘዘ የሚያነብ ሰው የንጉሡ ቍጣ ይገርመዋል!) 47 ያህል ሊቃውንት ደክመውበት በ1611 ታተመ። በ1536 ታንቆ የተቃጠለው የዊልያም ቲንዴል ቃላት በአዲስ ኪዳኑ ውስጥ ሞልተዋል፤ ሽፋኑ ላይ ግን ስሙ የለም።

ዘመኑን በንጉሡ ስም መጥራት ለአቈጣጠር ይመቻል፤ እኛም እንጠቀምበታለን። ነገር ግን በ1612 ባርቶሎሜው ለጌትና ኤድዋርድ ዋይትማን በመናፍቅነት ተከሰው በእሳት የተቃጠሉት በዚሁ ንጉሥ ዘመን ነው። ሥላሴን የሚክድ ትምህርታቸውን አንቀበልም፤ ሰውን በእሳት ማስተማርን ግን ከጌታችን አልተማርንም።

በዚያው ዓመት ቶማስ ሄልዊስ ከሆላንድ ተመልሶ በለንደን አጠገብ በእንግሊዝ ምድር የመጀመሪያ የምትባለውን የባፕቲስት ጉባኤ መሠረተ። ባሳተመው መጽሐፍ ንጉሥ ሟች ሰው እንጂ አምላክ ስላልሆነ በሕዝቡ ነፍስ ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ ጻፈ። ይህን ነጻነት የጠየቀው ለወገኖቹ ብቻ አልነበረም፤ ለመናፍቃን፣ ለሙስሊሞችና ለአይሁድም ጭምር ነበር። ስለዚህ ወደ ኒውጌት እስር ቤት ተጣለ፤ በ1616 ገደማም ሞተ። ለንጉሡ በእጅ የተጻፈ መልእክት ያለበት የመጽሐፉ ቅጂ ዛሬም በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።